ድምፅሽን አታጥፊ

እየሩስ ጨለማ ትፈራለች። የቄስ ልጅ ሆኖ ጨለማ መፍራት ደግሞ ያሳፍራል፤ ስለዚህ ለማንም ተናግራ አታውቅም። ማታ ወደ ደጅ መውጣት ሲያስፈልጋት ታናሽ እህቷን «ነይ ኮከብ ላሳይሽ» ብላ ታታልላታለች። ልጅቷ እስከ ዛሬ እህቷ ኮከብ ትወዳለች ብላ ነው የምታስበው።

ያን ቅዳሜ ግን «ጥቁር አፍ» በሚባለው ዋሻ ደጃፍ ስትቆም፣ የፈራችው ጨለማውን ብቻ አልነበረም። አንገቱ ላይ ፎጣ ጠምጥሞ፣ ባትሪ ይዞ የሚጠብቃቸው ወንዳወቅ ነበር። ከጥምቀት ወዲህ ዓይኑን ያላየችው ወንዳወቅ።

ወንዳወቅ የሰቆጣ ጎረቤት የሆነው የዝቋላ ወረዳ ልጅ ነው፤ ያውም የፍየል አርቢ ልጅ። ለትምህርት ሰቆጣ መጥቶ አሥረኛ ክፍል ላይ አቋረጠ። ከዚያ ወዲህ የጥንት ሰዎችን ቅሪት ለሚቆፍሩ ተመራማሪዎች አፈር በወንፊት እየነፋ፣ እነሱ ወደ አገራቸው ሲሄዱም ዋሻውን እየጠበቀ ይኖራል። እየሩስ ደግሞ የቄስ ገብረ ጻድቅ ልጅ ናት። ቄስ ገብረ ጻድቅን በሰቆጣ የማያውቅ የለም፤ ሲያልፉ ውሻ እንኳ ጩኸቱን ይቀንሳል። ዋሻው ያለበት ገደል ኔትወርክ አይደርሰውምና፣ ሰው ሁሉ በቴሌግራም ሲፋቀር እነሱ በደብዳቤ ተፋቀሩ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ነበር የሚያመላልስላቸው። የወንዳወቅ የእጅ ጽሑፍ ፍየል የረገጠው ማሳ ይመስላል። እሷ ግን እያንዳንዱን ወረቀት እጥፋቱ እስኪቀደድ አንብባዋለች።

ከዚያ ደብዳቤው ቀረ። አንድ ቀን ገበያ መሃል ፊት ለፊት ተገጣጠሙና፣ እሱ ፊቱን አዙሮ የበርበሬ ዋጋ መጠየቅ ጀመረ። ወንደላጤ፣ ሽሮ እንኳ በቅጡ የማይሠራ ልጅ፣ የኩንታል በርበሬ ዋጋ። እየሩስ ያን ዕለት ቤቷ ገብታ አለቀሰች፤ እናቷ ስትጠይቃት «በርበሬ ነው» አለች። አልዋሸችም።

በዚያው ሰሞን የዲያቆን ትንሣኤ ሽማግሎች ቤታቸው መጥተው ነበር። ዲያቆኑ ሊቀስስ ነው። ከመቅሰሱ በፊት ማግባት አለበት፤ የሚያገባትም ስሟ በክፉ ያልተነሣ ልጃገረድ መሆን አለባት፤ አንዴ በቁርባን ከተጋቡ ደግሞ መፍታት የሚባል ነገር የለም። ቄስ ገብረ ጻድቅ ለሽማግሎቹ «እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቃሌን እሰጣችኋለሁ» ብለዋቸዋል። እሁድ ማለት ነገ ነው።

ታዲያ ዋሻ ምን አመጣት? ወሬ ነዋ። ከጥቁር አፍ የሰው አጽም ወጣ የተባለው ወሬ፣ ሰቆጣ ሲደርስ የጻድቃን አጽም ወጣ ሆኖ ነው የደረሰው። በእኛ አገር ዋሻ ውስጥ የተገኘ አጽም የጻድቅ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው? «ቅዱሳንን በላስቲክ ከረጢት አሰሯቸው» ተብሎ ሰው ተቆጣ። ቄስ ገብረ ጻድቅ ሄደው አይተው እንዲመጡ ተላኩ። ዲያቆን ትንሣኤ ተከተለ። አክስቷ እትዬ ለተጊዮርጊስ የሚያማቸውን ጉልበት እያሻሹ ተከተሉ። እሳቸው ናቸው «እየሩስም ትምጣ፣ ከዲያቆኑ ጋር ነፋስ ይቀበሉ» ያሉት። ነፋስ ለመቀበል ዋሻ።

«እንደምን አረፈዱ አባታችን?» ብሎ ወንዳወቅ ጎንበስ ብሎ መስቀል ተሳለመ። እየሩስን አላያትም። አለማየቱ ግን ከማየት ይብስ ነበር፤ ሰው የሌለን ነገር እንደዚያ ተጠንቅቆ አያልፍም። እሷም ያን ጥንቃቄ አየችና ልቧ አንዴ ተስፋ፣ አንዴ ሐዘን ሆነባት።

* * *

ዋሻው አፉ ሰፊ ነው፤ ወደ ውስጥ እየጠበበ ይሄዳል። ጣሪያው እንደ አሮጌ ማድቤት በጥላሸት ጠቁሯል። መሬቱ በሲባጎ ተሸንሽኖ፣ እዚህም እዚያም በልክ በልክ ተቆፍሯል። የሌሊት ወፍ ይሸታል። እየሩስ በአፏ መተንፈስ ጀመረች።

«ይኼ ጥላሸት የእነሱ እሳት ነው» አለ ወንዳወቅ ባትሪውን ወደ ላይ አብርቶ።

«የእነማን?» አሉ እትዬ ለተጊዮርጊስ።

«የቀደምቶቹ። ቤት መሥራት፣ እህል መዝራት ሳይታወቅ እዚህ ይኖሩ የነበሩት። ይኸው ባልጩቱ፤ ቢላቸው ነበር። ይኸው አመዱ።»

«ሳይጠመቁ?»

«ሳይጠመቁ፣ እትዬ።»

«አይ ምስኪኖች» አሉና እትዬ ለተጊዮርጊስ ትናንት እንደሞተ ጎረቤት ከንፈራቸውን መጠጡላቸው።

«ከአዳም በፊት ሰው ነበረ እንዳትለኝ ብቻ» አሉ ቄስ ገብረ ጻድቅ።

«እኔ መቼ እንደሆነ አላውቅም አባታችን። እሳት እንደነበራቸው ነው የማውቀው።»

ከዚያ ሸራውን ገለጥ አደረገና ከመሬቱ ገና ያልወጣውን መንጋጋ አሳያቸው። ትንሽ ነው። ጥርሶቹ ሩዝ ሩዝ ያክላሉ። ቄስ ገብረ ጻድቅ ቁጢጥ ብለው ብዙ አዩት።

«ሕፃን ነው» አሉ።

«አዎ። ከእሳቱ አጠገብ ነው የተገኘው።»

«ጻድቅ መሆኑን አላውቅም። የሰው ልጅ መሆኑን ግን አያለሁ» አሉ፤ መስቀላቸውንም ወደ ጉድጓዱ ትንሽ ዘንበል አደረጉ።

ዲያቆን ትንሣኤ በስልኩ ፎቶ ካነሣ በኋላ እየሩስ አጠገብ መጣ። «እኅቴ እየሩስ ሆይ፣ አትፍሪ፤ ብርሃን ባለበት ጨለማ አይሠለጥንም» አላት። ይህ ልጅ እንደምን አደርሽ ሲል እንኳ ስብከት ይመስላል። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሁሉ ይቀል ነበር።

ወንዳወቅ ቀጥሎ ከወደ ኋላ ቀይ ገመድ የተወጠረበትን ጠባብ መግቢያ አሳየ። «ከዚህ ማዶ አይገባም። ድንጋዩ የቆመው በአፈሩ ላይ ነው፤ አፈሩ ከተነካ ይወርዳል» አለ። ሁሉም ሰማ፣ ከእትዬ ለተጊዮርጊስ በቀር። እሳቸው ያን ጊዜ እየሩስን ክንዷን ይዘው ጆሮዋ ሥር ያንሾካሹኩ ነበር።

«ጻድቅ ሆኑም አልሆኑም እምነቱ አይጎዳም። እዚህ ያለው አፈር ሰው የረገጠው ነው። ከገመዱ ማዶ ገባ በይና ንጹሑን ቆንጥረሽ አምጪልኝ፤ ጉልበቴን ልቀባው።»

«አክስቴ፣ አይገባም እያለ እኮ ነው።»

«እሱ ምን ያውቃል? ወይስ ትፈሪያለሽ?»

ይኼን ያሉት ጮክ ብለው ነው። ወንዳወቅ ዘወር አለ። ከጥምቀት ወዲህ የመጀመሪያው ዓይን ለዓይን ይኼ ሆነ፤ ያውም ፈሪ ስትባል። እየሩስ ምን ልትል ትችላለች? እሱ የአባቷን ጥያቄ ሲመልስ ጠብቃ፣ የስልኳን መብራት አብርታ፣ በገመዱ ሥር ሾለከች። በደረቷ መሳብ ነበረባት። ጣሪያው ፀጉሯን ይነካል። ወደ መጨረሻው ትንሽ ሰፋ ያለ ቦታ አገኘችና፣ ከተደራረቡት ድንጋዮች ሥር ነጭ፣ እንደ ዱቄት የላመ አፈር አየች። እጇን ሰደደች። አንድ ጭብጥ። ሌላ ጭብጥ።

«እየሩስ፣ እጅሽን አንሺ!»

በሰው ፊት ስሟን ሲጠራ የመጀመሪያው ነው። ድምፁ ከኋላዋ፣ እየተሳበ እየቀረበ ነበር። እጇን አነሣች። አፈሩ ግን ብቻውን መውረድ ቀጠለ፤ እንደ ተቀደደ ጆንያ ፈሰሰ፤ ከዚያ ድንጋዩ አጓራ። አንድ እጅ እግሯን ይዞ ወደ ጎን ወረወራት፤ አቧራ አፏን ሞላው፤ ስልኳም የእሱ ባትሪም ድንጋይ ሥር ቀሩ፤ ብርሃን የሚባል ነገር ከዓለም ጠፋ። የቀራት ፍርሃት ብቻ ነበር፤ ሰውነት እንኳ ያላት አልመሰላትም።

* * *

«እየሩስ፣ አለሽ?»

«አለሁ።»

«የተጎዳሽው አለ?»

«አላውቅም። ምንም አይታየኝም። ወንዳወቅ፣ ምንም አይታየኝም።»

ከድንጋዩ ማዶ የእትዬ ለተጊዮርጊስ እሪታ እንደ ሩቅ ለቅሶ ቤት ይሰማል። ወንዳወቅ ጮኾ «ደኅና ናት አባታችን፣ ሁለታችንም ደኅና ነን፤ ከላይ እንዳትነኩ፣ ከጎን አንድ በአንድ አንሡ» አለ። እየሩስ ወደ ድምፁ መዳኽ ጀመረች። እጇ የሰው ጉልበት ሲነካ ልቧ ልትወጣ ደረሰች።

«አትቅረቢኝ» አላት።

ድንጋዩ ያልሰበራትን ይህ ቃል ሰበራት። «ምን አድርጌህ ነው?»

«ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፤ ውጭ ያሉት ይስሙን። ዝም ካልን ወይ ሞቱ ይላሉ፣ ወይ አልሞቱም ይላሉ። ለአንቺ ሁለተኛው ይብሳል።»

ያኔ ገባት። የሰቆጣ አፍ ከዚህ ድንጋይ ይከብዳል። የቄስ ልጅ፣ ከወንድ ጋር፣ ጨለማ ውስጥ። ወዲያው ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣባት፤ ከመምጣቱም አስፈራት። ስሟ ከተነሣ ዲያቆኑ አያገባትም። ነገ የሚሰጥ ቃል አይኖርም። የሚያስፈልገው ትንሽ ዝምታ ብቻ ነው።

«ዝም እንበል» አለች በሹክሹክታ።

«ምን?»

«ዝም ብንል እኮ የነገው ይቀራል።»

ወንዳወቅ ድንጋይ ተሻግሮ ወደ ቀኙ ግድግዳ ሲሳብ ሰማችው። ትንፋሹ ይሰማታል። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና እንደ ገበያ አስለፋፊ ጮኸ። «አባታችን፣ እኔ በቀኝ ግድግዳ ነኝ፣ እሷ በግራ ናት፣ መካከላችን ድንጋይ አለ።» ድምፁን ዝቅ አድርጎም ጨመረላት። «ስምሽን ረግጬ ቤታችሁ አልገባም፣ እየሩስ። ጸልዪ። ጮክ ብለሽ ጸልዪ።»

እሷም «አቡነ ዘበሰማያት» አለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንደ ውሃ የምትጠጣው ጸሎት ነው። «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም፤ ኅድግ ለነ...» ስትል ጣሪያው እንደገና አጓራ። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ወረደ። ማዶ ያሉት ድንጋይ ሲያነሡ ከጎን በኩል እንደ ክር ቀጥና የገባችው ብርሃን ተበጠሰች። እሪታውም ተቆረጠ፤ የማንም ድምፅ አይሰማም።

«አባ?» አለች እየሩስ። «አባ?»

ምንም።

ጸሎቱ ከአፏ ጠፋ። ግድግዳውን በመዳፏ ስትዳብስ ያ መንጋጋ ትዝ አላት፤ እናቱም። ያቺ ሴት ስም ነበራት? እሳቷ የጠፋባት ሌሊት ይኼንኑ ግድግዳ ይዛ፣ የአውሬ ትንፋሽ እያዳመጠች ተንቀጥቅጣ ይሆናል። እየሩስ ከዚያች ሴት የሚለያት ምንም ነገር እንደሌለ ተሰማት።

«ወንዳወቅ፣ እጅህን ስጠኝ።»

እጁን አልሰጣትም። ፎጣውን ከአንገቱ ፈትቶ ጫፉን ወረወረላት። «ያዢው። ሌላው ጫፍ እኔ ጋ ነው።» ያዘችው። ላቡና አፈሩ ይሸታል። ሳብ ስታደርገው እሱም ሳብ ያደርጋል፤ አለሁ ማለቱ ነው።

«ልንሞት ነው አይደል?»

«አላውቅም» አለ። ድምፁ ተሰነጠቀ። እሱም እንደሚፈራ ያኔ አወቀች።

«እንግዲያው ንገረኝ። በርበሬ ምን ሊያደርግልህ ነበር?»

«ሽማግሎቹ ከቤታችሁ ሲወጡ ማዶ ቆሜ ነበር። ደብዳቤ ይዤ፣ ራሴ ልሰጥሽ። እየሳቁ ወጡ። ሽማግሌ እየሳቀ የሚወጣው ልጅ ሲሰጠው ነው። ደብዳቤውን ቀደድኩት።»

እየሩስ ትንሽ አሰበች። «የሳቁት እኮ ዶሮዋ የአንደኛው ሽማግሌ ጥምጣም ላይ ስለወጣች ነው።»

«ምን?»

«ዶሮ። የእናቴ ቀይ ዶሮ። ሰውዬው ስለ ትንሣኤ ትሕትና እየተናገሩ ነበር። አባቴ ገና ቃል አልሰጡም፤ ነገ ነው የሚሰጡት።»

ጨለማው ውስጥ ወንዳወቅ ሲስቅ ሰማችው። ሳቁ ወደ ሳል፣ ሳሉ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ፤ ፎጣው በእጇ ውስጥ ይርገበገብ ነበር። «ዶሮ ናት የለየችን?» አለ።

«ዶሮ ናት።»

ከዚያ በኋላ የሚፈራ ነገር ያለቀ መሰላት። ሞት ቀርቧል፣ ሰው አይሰማም፣ ነገ የለም። ድምፅሽን ከፍ አድርጊ አይደል ያላት? ከፍ አደረገችው።

«እኔ ዲያቆን ትንሣኤን አልጠላውም፤ ጥሩ ሰው ነው፤ ግን አጠገቤ ሲቆም ቤተ ክርስቲያን የቆምኩ ነው የሚመስለኝ፣ እግሬን ይደክመኛል። የምወደው ወንዳወቅን ነው። አባቴ ነገ ቃል ከሰጡ እታዘዛለሁ፤ አባቴ ናቸው። ግን ተክሊሉን የሚደፉት በድን ራስ ላይ ነው። ይኼን ፊታቸው ቆሜ መናገር ስለማልችል ነው እዚህ የምናገረው።»

ዝም አለች።

«ቀጥዪ።»

የወንዳወቅ ድምፅ አልነበረም። ከድንጋዩ ማዶ፣ በጣም ከቅርብ፣ የአባቷ ድምፅ ነው።

ፎጣው ከእጇ ሊወድቅ ነበር።

«ድምፅሽን አታጥፊ፣ ልጄ» አሉ ቄስ ገብረ ጻድቅ። «ሁሉን ሰው ዝም ያሰኘሁት ለዚህ ነው። ድምፅሽን ተከትለን ነው የምንቆፍረው።»

«አባ፣ አልችልም።»

«የጀመርሽውን ጨርሺ።»

ቁጣ ይሁን ርኅራኄ ከድምፃቸው መለየት አልቻለችም። ፈራች፤ ከዋሻው፣ ከድንጋዩ፣ ከሞቱ ሁሉ አብልጣ ፈራች። ግን ዝም ካለች መንገድ ይስታሉ። ስለዚህ እያለቀሰች ቀጠለች። ስለ ደብዳቤዎቹ ተናገረች፤ ስለዚያ የፍየል ዱካ ጽሑፍ፤ «ገደሉ ውስጥ ዛሬ ዝናብ ጣለ፣ አንቺም ጋ ጣለ ወይ?» ብሎ ስለጻፈላት። ከገበያው ስለተመለሰችበት ዕለት ተናገረች። እያንዳንዱን ቃል ስትጥል ከማዶ አንድ ድንጋይ ይነሣል። አባቷ ወደ እሷ የሚመጡት ልባቸውን በሚያቆስል ነገር ላይ እየረገጡ እንደሆነ እያወቀች፣ እንዲመጡላት ተናገረች።

* * *

መጀመሪያ የገባው እጅ የዲያቆን ትንሣኤ ነበር። ጥፍሮቹ ደምተዋል። የእጇን አንጓ ይዞ ጎትቶ አወጣት፤ ከዚያም ቶሎ ለቀቃት።

«እኅቴ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ከዚያ ወደ ቄስ ገብረ ጻድቅ ዞረ። «አባቴ፣ የሁለቱም ድምፅ ከየቦታው፣ ሳይቋረጥ ተሰምቷል። የጠየቀ ሰው ካለ ምስክሩ እኔ ነኝ።» ይኼን ብሎ እጁን ሊታጠብ ወደ ጀሪካኑ ሄደ። ብዙ ታጠበ። ጀርባውን ስታየው እየሩስ ይቅርታ የሚባል ቃል ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ተሰማት።

ብርሃኑ ዓይኗን ወጋት። እትዬ ለተጊዮርጊስ ጉልበታቸውን ረስተው መሬት ተንበርክከው «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» ይላሉ። አባቷ ጢማቸው አመድ መስሏል። ጋቢያቸውን ገፈው ትከሻዋ ላይ ጣሉላት፤ ፊቷን ግን አላዩም። የሚያዩት ቀዳዳውን ነበር።

ወንዳወቅ በመጨረሻ ተስቦ ወጣ። ቆመ።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉት ቄስ ገብረ ጻድቅ።

«የምንዋጋው ልጅ፣ የዝቋላው።»

«ምንዋጋው የማን ልጅ ነው?»

«የሀይሉ።»

«ሀይሉስ?»

እየሩስ ገባት። በእኛ አገር አባት የልጅን ዘር እስከ ሰባት ቤት የሚያስቆጥረው ለወሬ አይደለም። ልጁን ለመስጠት ሲያስብ፣ ዝምድና እንዳይኖር ሲፈራ ነው። ሳይሰጥ የሚቆጥር የለም። ወንዳወቅም ገባው፤ ሲገባው ምላሱ ተሳሰረ።

«የ... የትእዛዙ» አለ። ትእዛዙ የደረሰ፣ ደረሰ የገብረ አማኑኤል። ስሞቹ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሄዱ፤ እየሩስ በእያንዳንዱ ስም ላይ ጋቢውን ትጨብጣለች። ይኼኛው የእኛ ቢሆንስ? ይኼኛውስ? አንድ ስም ይበቃል። አንድ የጋራ አያት ከመቃብር ብድግ ብሎ ሁሉን ነገር ሊያፈርሰው ይችላል። ጨለማ ውስጥ ድንጋይ ሲወርድ እንኳ ልቧ እንዲህ አልመታም።

«የመጨረሻው?» አሉ አባቷ።

«ገበያው» አለ ወንዳወቅ፤ ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም።

ቄስ ገብረ ጻድቅ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የራሳቸውን አባቶች በውስጣቸው ሲቆጥሩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አቧራው ጢማቸው ላይ ይርገፈገፋል። ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡ።

«በእኛ ዘር ውስጥ ገበያው የሚባል ሰው አላውቅም» አሉ።

እየሩስ እዚያው አመዱ ላይ ቁጭ አለች። ያ ሁሉ ፍርሃት አሁን ነው በእንባ የወጣው። አላውቅም የሚል ቃል እንዲህ ይጣፍጣል ብሎ የነገራት ሰው አልነበረም።